ቆሞ ሐረጎን የሚወርድ ሞተር፦ ሞተር ከተቀየረ በኋላ ሚኒሞ ለምን ያስቸግራል?

ደሴ ፒያሳ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት። የአጎቴ ኮሮላ ጋቢና ተቀምጫለሁ። ትራፊክ ፖሊሱ አቁሞናል። አጎቴ እግሩን ከነዳጅ ላይ አንስቷል፤ ሞተሩ ግን አልሰማም። «ቩም» ብሎ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ሊጠፋ ሲል እንደገና «ቩም»። አጠገባችን የቆመ ባለ ባጃጅ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ውድድር አለ እንዴ?» አለው። አጎቴ አልሳቀም። ሞተሩን ካስቀየረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። በነዚህ ሦስት ሳምንታት ሦስት ሴንሰር ገዝቷል።

ነገሩ የሱ ብቻ አይደለም። አሮጌ ሞተር ዘይት መብላት ሲጀምር ብዙ ሰው ከማሳደስ ይልቅ ያገለገለ ሞተር ገዝቶ ያስገጥማል። አዲሱ ሞተር ይገጠማል፣ ይነሳል፣ ዳገትም ይወጣል። ቆሞ መሥራት ላይ ሲደርስ ግን ጣጣው ይጀምራል። መካኒኩ «የኤሌክትሪክ ነው» ብሎ ይልካል። ኤሌክትሪሻኑ «የሞተር ነው» ብሎ ይመልሳል። ባለ መኪናው በመሃል ቤት ኪሱ ይራገፋል።

እዚህ የምናወራው ስለ ቤንዚን ሞተር ነው። ናፍጣ ሌላ ዓለም ነው።

ሚኒሞ ማለት ምን ማለት ነው?

መካኒኮቻችን ከጣሊያን ወርሰው «ሚኒሞ» የሚሉት ሞተሩ እግር ሳይነካው፣ ራሱን ችሎ፣ ሳይጠፋ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። ትንንሽ የቤንዚን ሞተሮች ከሞቁ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ650 እስከ 850 ዙር ላይ ይቀመጣሉ። ጠዋት ሲነሱ ከፍ ብለው ቀስ እያሉ መውረዳቸው በሽታ አይደለም። እንዲያውም ካልሆነ ነው የሚያሳስበው።

ፍም ላይ የተቀመጠ ጀበና አስቡ። በትልቅ እሳት ቡና ማፍላት ለማንም አይከብድም። በትንሽ ፍም ሳይገነፍል፣ ሳይቀዘቅዝም ከአቦል እስከ በረካ ማቆየት ግን ዓይን ይፈልጋል። ሞተርም እንደዚያው ነው። በ3,000 ዙር ሲበር ትንሽ ስህተት አይታወቅበትም። በ750 ዙር ግን የሚገባው አየርና ቤንዚን ጥቂት ስለሆነ እያንዳንዷ ጉድለት ትጎላለች። ብዙ በሽታ መጀመሪያ ሚኒሞ ላይ ብቅ የሚለው ለዚህ ነው።

ፍሙን የሚቆጣጠረው ማነው?

ቤንዚንና አየር ያለ ኮምፒውተር በካርቡሬተር በሚቀላቀሉበት ዘመን ሹፌሩና ካቻቢቴው ነበሩ። አንዷን ቪዳ ትንሽ ማዞር ይበቃ ነበር። ቤንዚን የሚረጭ ኢንጀክተር ባለው ሞተር ላይ ሥራው የኮምፒውተር ቦክሱ ነው። ስንት ቤንዚን ይረጭ፣ ካንዴላው መቼ ይተኩስ፣ ሚኒሞ ላይ ስንት አየር ይለፍ የሚለውን ሁሉ እሱ ይወስናል።

ችግሩ ኮምፒውተሩ ሞተሩን አያየውም። ጓዳ ተቀምጣ ማጀቱን በልጆቿ ወሬ እንደምታስተዳድር እመቤት ነው። አንዱ ልጅ «ውሃው ገና ቀዝቃዛ ነው» ይላታል። «እንግዲያው እንጨት ጨምሩ» ትላለች። ውሃው እየፈላ ከሆነ ቤቱ በጭስ ይታፈናል። ልጆቹ ሴንሰሮቹ ናቸው። ወሬው የሚመጣበት መንገድ ደግሞ ሽቦው ነው።

ለሚኒሞ ዋናዎቹ ወሬ አቀባዮች እነዚህ ናቸው፦ የውሃ ሙቀት ሴንሰር፣ የሚገባውን አየር የሚለካ ሴንሰር፣ የነዳጅ ፔዳሉ ምን ያህል እንደተረገጠ የሚናገረው የትሮትል ሴንሰር፣ የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው የክራንክ ሴንሰር፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) መስመር ላይ ተቀምጦ «ቤንዚን በዛ፣ አነሰ» የሚለው የኦክስጅን ሴንሰር። ወሬውን ሰምቶ የሚታዘዘው ደግሞ የሚኒሞ ቫልቭ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚከፈተው ዋናው የአየር በር ተዘግቶ ሳለ በጎን ጥቂት አየር የሚያሳልፍ ትንሽ በር ነው። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ይህ ቫልቭ የለም። ኮምፒውተሩ ዋናውን የአየር በር ራሱ በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ይከፍተዋል።

ታዲያ ለምን «ቩም፣ ቩም» ይላል?

ይህን ጉዳይ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ግማሽ ያህሉ ምስጢር እዚህ ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን፣ ያንን ትልቅ ቁልቁለት፣ ስትወርዱ ማርሽ አስገብታችሁ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ ታነሳላችሁ። መኪናዋ ሞተሩን ትነዳዋለች፤ ሞተሩ ቤንዚን አያስፈልገውም። ኮምፒውተሩ ይህን ያውቃል። «ፔዳሉ አልተረገጠም፣ ዙሩ ግን ከፍተኛ ነው» ሲባል ቁልቁለት ላይ ነን ብሎ ቤንዚኑን ጭራሽ ይዘጋል። ዙሩ ሲወርድ መልሶ ይከፍታል። ጥሩ ዘዴ ነው። ቤንዚን ያድናል።

አሁን መኪናዋን ፒያሳ ላይ አቁሟት። ሞተሩ ሲቀየር አንድ የአየር ቱቦ ሳይገጠም ቀርቷል እንበል። ኮምፒውተሩ ያላዘዘው አየር በዚያ ይገባል። ዙሩ ከፍ ይላል። ኮምፒውተሩ ያያል፦ ፔዳሉ አልተረገጠም፣ ዙሩ ከፍተኛ ነው። «አሃ፣ ሐረጎን እየወረድን ነው!» ይልና ቤንዚኑን ይዘጋል። ዙሩ ይወድቃል። ይከፍታል። ዙሩ ይነሳል። ይዘጋል። ሞተሩ ቆሞ ቀኑን ሙሉ ሐረጎን ይወርዳል ማለት ነው።

ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም። የደረሰው ወሬ ልክ ነው። ስህተቱ ያለው ቱቦው ላይ ነው።

ጋራዥ ውስጥ በዚህ ጊዜ የሚደረገው ነገር ብዙውን ጊዜ ጉዳቱን ያባብሰዋል። አንዱ ካቻቢቴ ይዞ የአየር በሩን ማቆሚያ ቪዳ ያዞራል። በሩ በትንሹ ከፈት ይላል። በቀድሞዎቹ ቶዮታዎች የትሮትል ሴንሰር ውስጥ «በሩ ተዘግቷል» የምትል ትንሽ መገናኛ አለች። ቪዳው ሲዞር እሷ ትለቃለች። ኮምፒውተሩም «ሹፌሩ ረግጧል» ብሎ ሚኒሞ መቆጣጠሩን ይተዋል። «ቩም፣ ቩም» ይቆማል፤ ሁሉም ተደሰተ። ነገ ጠዋት በብርድ አትነሳም፣ ከሰዓት ደግሞ በ1,400 ዙር ትጮሃለች። ያቺ ቪዳ ከፋብሪካ ተስተካክላ የመጣች ናት። አትንኳት።

አየር የሰረቀው ቱቦ ነው ወይስ ሽቦው? እንዴት ይለያል?

መጀመሪያ ሞተራችሁ አየር የሚለካው እንዴት እንደሆነ እወቁ። ሁለት ዘዴ አለ። ሁለቱንም በሰርግ ድንኳን ማስረዳት ይቻላል።

አንደኛው ዘዴ በር ላይ ቆሞ እንግዳ መቁጠር ነው። አየር ፊልትሮው አጠገብ ያለው ሴንሰር የሚያልፈውን አየር ሁሉ ይቆጥራል። ቪትዝ ላይ የሚገኘው 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር እንዲህ ነው። በድንኳኑ ሥር ሾልኮ የገባ ሰው አይቆጠርም፤ ስለዚህ ምግብ ያጥራል። በቀዳዳ የገባ አየርም እንዲሁ ቤንዚን አይደርሰውም። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል።

ሁለተኛው ዘዴ በሩን ትቶ ድንኳኑ ውስጥ ያለውን መጨናነቅ ማየት ነው። ሴንሰሩ ከአየር በሩ ኋላ ያለውን ግፊት ይለካል። የአጎቴ አዲሱ ሞተር፣ 5ኤ-ኤፍኢ፣ የዚህ ወገን ነው። ሾልኮ የገባውም ቦታ ስለሚይዝ ይታያል። ምግብ ይደርሰዋል። ስለዚህ ሞተሩ አይጠፋም፤ ዙሩ ይጨምራል፣ «ቩም፣ ቩም» ይመጣል።

እንግዲህ ድምፁ ራሱ ፍንጭ ነው። ለማረጋገጥ ሞተሩ እየሠራ የአየር ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በፒንሳ ጫፍ ቀስ ብሎ ጨመቅ ማድረግ ነው። ፒንሳው እንዳይቆርጠው ጨርቅ ጠቅልሉበት። አንዱ ሲጨመቅ ሚኒሞው ከረጋ ሌባው ከዚያ ቱቦ ወዲያ ነው። የፍሬን ሰርቮው (ፍሬን መርገጥ የሚያቀልለው ዕቃ) ወፍራም ቱቦ ቀዳሚው ተጠርጣሪ ነው፤ ቀጥሎ የአየር ማስገቢያው ጓርኒሲዮን። አንዳንዱ ቀዳዳውን ለማግኘት ቤንዚን ይረጫል፤ በጋለ ማርሚታ አጠገብ ይህ ሥራ ሳይሆን ቃጠሎ መጥራት ነው።

የአጎቴ መኪና ላይ አንደኛው በሽታ ይኸው ነበር። አሮጌው ሞተሯ 2ኢ ሲሆን ካርቡሬተር ነበረው። የቱቦዎቹ ቁጥር ከአዲሱ ጋር አይገጥምም። ከአየር ማስገቢያው ኋላ የእስክሪብቶ ክዳን የሚያክል አፍ ክፍት ቀርቶ ነበር። በጎማ ክዳን ተደፈነና ፒያሳ ላይ መውጣት መውረዱ ቆመ።

ሲመሽ ግን፣ መብራት ሲበራ፣ ሞተሩ እንደገና ይንገዳገዳል። ከኋላ ጥቁር ጭስ። ሁለተኛው በሽታ ነው።

ማሳ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል?

«ማሳ» ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት መንገድ ነው። ሰው ሁሉ ስለሚሄደው ሽቦ ያስባል፤ ስለሚመለሰው የሚጨነቅ ጥቂት ነው።

ሰኞ ገበያ ላይ ባዶውን 200 ግራም የሚል ሚዛን ቢሰጧችሁ ሽንኩርት አትገዙበትም። የሴንሰር ማሳ የሚዛኑ ዜሮ ነው። ሴንሰሮቹ የሚናገሩት ከ0 እስከ 5 ቮልት ባለው ትንሽ ክልል ነው። ዜሮው 0.4 ከሆነ ሁሉም ወሬ በ0.4 ያበጠ ነው። የግፊት ሴንሰሩ «ብዙ አየር ገብቷል» ይላል። የውሃ ሙቀት ሴንሰሩም ይዋሻል፤ እሱ ላይ ከፍ ያለ ቮልት ማለት ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ነው። እመቤቲቱ እንጨት ታስጨምራለች። ጭስ።

ሞተር ሲወርድ ከሞተሩ ወደ ቦዲና ወደ ባትሪ የሚሄዱ ወፋፍራም የማሳ ገመዶች ይፈታሉ። ሲገጠም ይረሳሉ። ወይም ቀለም የተቀባ ላሜራ ላይ በቡሎን ይታሰራሉ፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። አንዳንድ ጊዜ ወፍራሙ ጠፍቶ ቀጭን የመብራት ሽቦ ይተካል። ጭራሽ ከሌለ ኤሌክትሪኩ በነዳጅ ፔዳልና በፍሪሲዮን ኬብል በኩል ይመለሳል። የነዳጅ ኬብሏ ግላ እጅ የምታቃጥል መኪና ካያችሁ ምክንያቷ ይኸው ነው።

ሌላው ስህተት ጥቃቅን ነው፤ ግን የባሰ ያሳስታል። ሴንሰሮቹ የራሳቸው የማሳ ሽቦ አላቸው። ይህ ሽቦ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ቦክሱ መመለስ አለበት። ቶዮታ ላይ ብዙ ጊዜ ቡኒ ነው። ሽቦ የሚቀጥል ሰው «ማሳ ማሳ ነው» ብሎ በአቅራቢያው ካለ ቦዲ ያስረዋል። ማሳ ማሳ አይደለም። መብራት፣ ቬንትሌተርና ቴፕ ሲበራ የቦዲው ዜሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ሴንሰሩም አብሮ ይዋዥቃል።

የአጎቴ መኪና ሁለቱም ነበረባት። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ኤሌክትሪሻን ነው ያገኘው። ኮፈኑን ከፍቶ ሴንሰር አልነካም። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጎ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ እርሳስ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ ያልተቀባ ብረት ላይ አስነካ። «ጋሼ፣ መብራት ያብሩልኝ» አለ። አጎቴ አበራ። ቁጥሩ ከ0.1 ተነስቶ 0.4 ገባ። ኤሌክትሪሻኑ «አይ ጋሼ፣ ሴንሰር ይብቃዎት» አለው።

ቴስተር ያለው ሰው ሁሉ ይህን ፈተና ማድረግ ይችላል። መብራትና ቬንትሌተር በርቶ ከ0.1 ቮልት ካልበለጠ ማሳው ደህና ነው። 0.3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ነገር ሳትነኩ ማሳውን አስተካክሉ። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፋቁ፣ ወፍራም ገመድ እሰሩ፣ ዝገት እንዳይበላው ቅባት ቀቡ።

ሴንሰሩ ነው የሚዋሸው ወይስ ሽቦው?

ማሳውና ቱቦው ከተስተካከለ በኋላ ብቻ ወደ ሴንሰር እንሂድ። በዚህም ቢሆን የተቆረጠ ሽቦ ከተበላሸ ሴንሰር በላይ ያጋጥማል። ያገለገሉ ሞተሮች ሲጫኑ ሽቦው ተቆርጦ ይመጣል፤ እዚህ ደግሞ በናስትሮ ይቀጠላል። ተጠምዝዞ ናስትሮ የተጠቀለለበት ሽቦ ሬዲዮ ላይ ይሠራል። ሞተር ላይ ግን ሙቀቱና መንቀጥቀጡ በወራት ውስጥ ያላላዋል። በስታኞ ይበየድ፣ በሙቀት የሚጨማደድ ቱቦ ይልበስ።

ስካነር (የኮምፒውተሩን ወሬ የሚያነብ መሣሪያ) ካላችሁ የውሃውን ሙቀት እዩ። «ከዜሮ በታች 40» የሚል ከሆነ ሽቦው ተቆርጧል ወይም ሶኬቱ አልገባም። ደሴ ብርዷ የታወቀ ነው፤ ከዜሮ በታች 40 ግን ጦሳ ተራራ ጫፍ ላይም አይደረስም። ኮምፒውተሩ ወሬው ሲቋረጥ እጅግ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ይረዳል። በተቃራኒው 140 የሚል ከሆነ ሁለቱ ሽቦዎች የሆነ ቦታ ተነካክተዋል።

ሁለት ሽቦ ባላቸው የሙቀት ሴንሰሮች ላይ ጥሩ ዘዴ አለ። ሶኬቱን ንቀሉ፦ ስካነሩ ከዜሮ በታች 40 ማለት አለበት። የሶኬቱን ሁለት ቀዳዳ በትንሽ ሽቦ አገናኙ፦ እጅግ ከፍ ያለ ሙቀት ማሳየት አለበት። ሁለቱንም ካደረገ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ጤነኛ ነው፤ ሴንሰሩ ይቀየር። ካላደረገ ሴንሰር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ይህ ግን ለባለ ሁለት ሽቦ የሙቀት ሴንሰር ብቻ ነው። ሌላ ላይ አትሞክሩት።

ስካነር ከሌለ ቴስተርና ማንቆርቆሪያ ይበቃል። ብዙዎቹ የቶዮታ የውሃ ሴንሰሮች በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ 300 ኦም አካባቢ ያነባሉ። አጎቴ አውጥቶ የጣለውን የውሃ ሴንሰር በአክስቴ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ፈትነነዋል። እሷ አሁንም ይቅርታ አላደረገችልንም። ሴንሰሩ ግን ጤነኛ ነበር። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 ገደማ ላይ ነው። ከሠንጠረዥ ጋር ስታስተያዩ በዚያ አስቡት።

ባለ ሦስት ሽቦዎቹ፣ ማለትም የትሮትልና የግፊት ሴንሰሮች፣ አንዱ ሽቦ 5 ቮልት ያመጣል፣ አንዱ ማሳ ነው፣ ሦስተኛው ወሬ ይወስዳል። ሶኬቱ ተነቅሎ ቁልፉ ሲከፈት 5 ቮልቱ መኖር አለበት። የትሮትሉ ወሬ በሩ ሲዘጋ 0.5 አካባቢ፣ ሙሉ ሲከፈት ወደ 4 እና ከዚያ በላይ ነው፤ በመሃል ሳይዘል በእርጋታ መውጣት አለበት። በሩ ሲከፈት ቁጥሩ ከወረደ 5 ቮልቱና ማሳው ተቀያይረዋል ማለት ነው። ሞተር ቅየራ ላይ ይህ ያጋጥማል።

የክራንክ ሴንሰሩ ሽቦ በመረብ የተሸፈነ ነው። መረቡ ለጌጥ አይደለም። ከቦቢናና ከዲናሞ የሚመጣውን ጩኸት ይከላከላል። ቆርጠው በተራ ሽቦ ከተኩት ኮምፒውተሩ የሌለ ዙር ይቆጥራል፣ ያለውንም ይዘላል።

በላምፓዲና፣ በመሞከሪያ አምፖል፣ አትሞክሩ። የፊት መብራት ላይ ምንም አይደለም። የኮምፒውተር ሽቦ ላይ ግን አምፖሏ የምትስበው ኤሌክትሪክ ቦክሱን ሊያቃጥል ይችላል።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ቁጥሩ ለምን ይለያያል?

የወሎ ሰው እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። ደሴ ከባህር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ከፍ ሲሉ አየር ይሳሳል። ባህር ዳርቻ ላይ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ከሆነ፣ ኮምቦልቻ 81 ገደማ፣ ደሴ 75 ገደማ ነው።

ሞተር ሳይነሳ ቁልፍ ብቻ ሲከፈት የግፊት ሴንሰሩ የአካባቢውን አየር ያነባል። ስለዚህ ደሴ ላይ 100 የሚል ሴንሰር ውሸታም ነው። ስካነር የሌላችሁ ደግሞ የወሬውን ሽቦ ቮልት ደሴ ላይ ለኩ፣ ጻፉት፣ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ እንደገና ለኩ። ከፍ ማለት አለበት። ብዙዎቹ የቶዮታ ሴንሰሮች ላይ ልዩነቱ 0.2 ቮልት አካባቢ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ወይ ሴንሰሩ ተበላሽቷል፣ ወይ ቱቦው ታፍኗል። ይህን ነፃ ፈተና ሜዳ ላይ ያለ አገር አያገኘውም።

ሌላም አለ። አንዳንድ መካኒክ ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል የሚያሳይ የቫኪዩም መለኪያ ይገጥማል። መጽሐፉ «ጤነኛ ሞተር ከ18 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ» ይላል። ይህ የባህር ዳርቻ ቁጥር ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ይቀነሳል። ደሴ ላይ 11 ወይም 12 ያነበበ ሞተር ደህና ነው። «ፒስተኑ አልቋል» ቢሏችሁ ከፍታውን አስታውሷቸው።

ቁልቁለት ላይ ለምን ይጠፋል?

ሐረጎ ላይ እግራችሁን አንስታችሁ ስትወርዱ ቤንዚን እንደሚዘጋ ብለናል። ታች ስትደርሱ ፍሪሲዮን ስትረግጡ ዙሩ ይወድቃል። ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት ቤንዚኑን መክፈትና በሚኒሞ ቫልቭ አየር መጨመር አለበት። ቫልቩ በጥቀርሻ ከተያዘ፣ ሽቦው ከተገለበጠ ወይም ኮምፒውተሩ የመኪናዋን ፍጥነት ካላወቀ ይዘገያል። ሞተሩ ይጠፋል። ሞተር ሲቀየር የፍጥነት ሽቦው ሳይገናኝ መቅረቱ የተለመደ ነው። የድሮ መኪና ጌጅ በገመድ ስለሚሠራ ሽቦውን የሚያስታውሰው የለም።

ይህ የምቾት ጉዳይ አይደለም። ሞተር ሲጠፋ የፍሬን ሰርቮው እርዳታ አንድ ሁለት ርግጫ ያህል ብቻ ይቆያል። መሪውም ይከብዳል። እንዲህ ከሆነባችሁ ፍሬኑን ደጋግማችሁ አትርገጡ፤ አንዴ ረግጣችሁ ያዙ፣ ማርሽ ውስጥ ሁኑ። ሚኒሞው ሳይስተካከል ደግሞ ሐረጎን ወይም ሌላ ትልቅ ቁልቁለት አትሞክሩ።

ቼክ ኢንጂን መብራት ከሌለስ?

ካርቡሬተር የነበረው መኪና ጌጅ ላይ ይህ የሞተር ስህተት ሲኖር የሚበራው መብራት ላይኖር ይችላል። አንድ አምፖል ማስገባት ቀላል ነው፤ ኮምፒውተሩ ሽቦውን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ የተሠሩ ብዙ የጃፓን ቶዮታዎች ኮፈን ሥር ትንሽ የምርመራ ሳጥን አላቸው። «ቲኢ1» እና «ኢ1» የሚሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝታችሁ ቁልፍ ስትከፍቱ መብራቱ እየጠቀሰ ቁጥር ይነግራችኋል። 22 የውሃ ሙቀት፣ 31 የአየር ልኬት፣ 41 የትሮትል ሴንሰር፣ 42 የፍጥነት ሽቦ ነው። ዘመናዊዎቹ ላይ በስካነር ፒ0505 የሚኒሞ ሥርዓት፣ ፒ0171 ቤንዚን ማነስ፣ ፒ0118 የውሃ ሴንሰር ሽቦ መቆረጥ ነው።

ኮድ ፍርድ አይደለም፤ ጥቆማ ነው። «22» ማለት «የውሃ ሴንሰሩን ቀይር» ማለት አይደለም። «ከዚያ ልጅ የመጣው ወሬ አይታመንም» ማለት ነው። ልጁ ይሁን መንገዱ መለየት የእናንተ ሥራ ነው። አጎቴ ሦስት ሴንሰር የገዛው በዚህ ልዩነት ነው።

ሞተር ልገዛ ነው፤ ምን ልጠይቅ?

ሞተሩ፣ ኮምፒውተር ቦክሱና ሽቦው ከአንድ መኪና ይምጡ። በሦስቱ መካከል ዝምድና ከሌለ ከላይ የተባለው ሁሉ በእጥፍ ይከብዳል። አየር በር ላይ ቆጥሮ የሚሠራ ኮምፒውተር ግፊት የሚለካ ሞተር ላይ አይሠራም። ሽቦው እስከ ሶኬቶቹ ሳይቆረጥ ይሰጣችሁ፤ ለዚህ ጭማሪ ቢጠየቅ ክፈሉ፣ ከሦስት ሴንሰር ይረክሳል። የቁልፍ ኮድ ያለው ቦክስ ከሆነ ቁልፉ አብሮ ይምጣ፤ አለዚያ መኪናዋ ጭራሽ አትነሳም ወይም ተነስታ ወዲያው ትጠፋለች።

ስሙንም አንብቡ። ቶዮታ ላይ ከሰረዙ በኋላ «ኢ» ካለ ኢንጀክተር ነው፦ 5ኤ-ኤፍኢ። የ2ኢ «ኢ» ግን የቤተሰብ ስም ናት፤ ሞተሩ ካርቡሬተር ነው። በዚህ የተሸወደ አለ። ከካርቡሬተር ወደ ኢንጀክተር የምትሻገሩ ከሆነ የቤንዚን ፓምፑም ይቀየራል። የካርቡሬተሩ ፓምፕ ደካማ ነው፤ ኢንጀክተር ከ2.5 እስከ 3 ባር ግፊት ይፈልጋል። ቱቦዎቹም ያንን የሚችሉ ይሁኑ።

የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ተጽፏል። ሞተሩ የተገዛበትን ደረሰኝ ይዛችሁ መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ አስተካክሉት። አጎቴ ይህን ለቦሎ ሲሄድ ነው ያስታወሰው። ቁጥሩ አልገጥም ብሎ ተመለሰ። ሞተሩ ግን ግቢው ውስጥ መብራት በርቶ፣ ቬንትሌተር እየሠራ፣ በ750 ዙር ጸጥ ብሎ ነበር።